ሠላሳኛው ቀን፦ የጨረር ሕክምና በመሐል የማይቋረጠው ለምንድን ነው?

«ጨረር ካንሰር ያመጣል እየተባለ ካንሰርን በጨረር ማከም በእሳት ላይ ጭድ መጨመር አይሆንም ወይ?» ስለ ኒውክለር ፊዚክስ ባስተማርን ቁጥር ይህ ጥያቄ ከተማሪዎቻችን ይቀርብልናል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ በቤቱ የታመመ ዘመድ ላለው ተማሪ ደግሞ ከማንኛውም የፈተና ጥያቄ ይከብዳል። በዚህ ጽሑፍ ጨረር በታማሚው ሰውነት ውስጥ ምን እንደሚሠራ፣ ሕክምናው ለምን ሳምንታት እንደሚፈጅና ቢቋረጥ ምን እንደሚያስከትል እንመለከታለን።

ጨረሩ ከየት ይመጣል?

በአገራችን የጨረር ሕክምና እ.ኤ.አ. በ1997 በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ሲጀመር መሣሪያው የሚሠራው ኮባልት-60 በተባለው ራዲዮአክቲቭ ንጥረ ነገር ነበር። ኮባልት-60 በሚፈራርስበት ጊዜ 1.17 እና 1.33 ሜጋ ኤሌክትሮን ቮልት ጉልበት ያላቸው ሁለት የጋማ ጨረሮች ያወጣል። ግማሽ ዕድሜው 5.27 ዓመት ነው። ስለዚህ ምንጩ አዲስ ሳለ 2 ደቂቃ የሚወስድ ሕክምና ከአምስት ዓመት ከሦስት ወር በኋላ 4 ደቂቃ ይወስዳል፤ የተረኞች ሰልፍም በዚያው ልክ ይረዝማል። ከጊዜ በኋላ ኤሌክትሮኖችን በማፍጠን ኤክስሬይ የሚያመነጩ ሊኒየር አክሰለሬተሮች ገብተዋል፤ አገልግሎቱም ከአዲስ አበባ ውጭ እንደ ጅማ ባሉ ከተሞች ተጀምሯል።

ጨረሩ ምን ይሠራል?

የጨረር መጠን የሚለካው በግሬይ ነው። 1 ግሬይ ማለት በእያንዳንዱ ኪሎግራም የሰውነት ክፍል 1 ጁል ጉልበት ሲያርፍ ነው። በተለመደው አሠራር ታማሚው በቀን 2 ግሬይ፣ በሳምንት አምስት ቀን ይወስዳል። ይህ ጉልበት የሰውነትን ሙቀት በአንድ ሺኛ ዲግሪ እንኳ አይጨምርም፤ ታማሚውም ጨረሩ ሲያርፍበት ምንም አይሰማውም። የጨረሩ ኃይል ከሙቀት ሳይሆን ኤሌክትሮኖችን ከአተሞች በማስፈንጠር በሕዋሱ ውስጥ ያለውን ዲ.ኤን.ኤ. ከመበጣጠሱ የሚመጣ ነው።

ጤናማ ሕዋስ ጉዳቱን በሰዓታት ውስጥ በአብዛኛው ይጠግናል። የካንሰር ሕዋስ ግን በዚህ ረገድ ብዙ ጊዜ ደካማ ነው። መጠኑን ከፋፍሎ በየቀኑ በጥቂቱ መስጠት በዚህ ልዩነት ለመጠቀም የተፈለሰፈ ዘዴ ሲሆን፣ በ1920ዎቹ ክሎድ ረጎና አንሪ ኩታር የተባሉ ሐኪሞች በፓሪስ ያስፋፉት ነው። ጨረር ከዓመታት በኋላ ሌላ ካንሰር ሊያመጣ መቻሉ እውነት ነው። ይሁን እንጂ ያ አነስተኛ ዕድል የሚመዘነው ዛሬ ሕይወትን ከሚያሰጋው በሽታ ጋር ነው።

የሠላሳው ቀን ስሌት

አንድ ቢሊዮን ሕዋሳት ያሉት ዕጢ አለ እንበል፤ መጠኑ አንድ ሴንቲሜትር ኩብ ገደማ ይሆናል። ለስሌታችን እንዲመች እያንዳንዱ የሕክምና ቀን ከቀሩት ሕዋሳት ግማሹን ይገድላል ብለን እንነሣ። ከ10 ቀን በኋላ አንድ ሚሊዮን ያህል ይቀራሉ፤ ከ20 ቀን በኋላ አንድ ሺህ ያህል፤ ከ30 ቀን በኋላ አንድ ብቻ።

ልብ እንበል፦ በ20ኛው ቀን ዕጢው በእጅ አይዳሰስም፣ ሕመሙም ጋብ ሊል ይችላል። ታማሚዋ «ተሽሎኛል» ብትል አልዋሸችም። አንድ ሺህ ሕዋስ ግን በዐይን አይታይም፣ አያምምም፤ ጊዜ ካገኘ ተባዝቶ ይመለሳል። ከሩቅ ገጠር መጥታ ዘመድ ቤት ያረፈች እናት፣ ገንዘቧ ሲያልቅ ወይም በዓል ሲደርስ ወደ ቤቷ ለመመለስ የምታስበው ብዙውን ጊዜ በዚህ ወቅት ነው። በማኅፀን በር ካንሰር ላይ የተደረጉ ጥናቶች እንደሚያሳዩት ሕክምናው ከተገቢው ጊዜ በላይ በተራዘመ ቁጥር ዕጢውን የመቆጣጠር ዕድል በየቀኑ 1 በመቶ ገደማ ይቀንሳል።

እርግጥ የቀኑ ብዛት እንደ ካንሰሩ ዓይነት ይለያያል፤ የአጥንት ሕመምን ለማስታገስ አንድ ቀን የሚበቃበት ጊዜም አለ። ቁጥሩን የሚወስነው ግን ሐኪሙ እንጂ የሕመሙ መቀነስ አይደለም።

ከሕክምናው ክፍል ውጭ

ባለሙያዎቹ ታማሚውን ብቻውን ትተው ከወፍራም ግድግዳ ጀርባ የሚቆሙት ቀኑን ሙሉ ለብዙ ሰዎች ጨረር ስለሚሰጡ ነው። ይህን ያዩ ቤተሰቦች አንዳንዴ የታማሚውን ሳህንና ብርጭቆ ይለያሉ፤ ልጆችንም ያርቃሉ። ከውጭ የሚሰጥ የጋማ ወይም የኤክስሬይ ሕክምና ግን ሰውን ራዲዮአክቲቭ አያደርግም። አምፖል ሲጠፋ ብርሃን በግድግዳው ላይ እንደማይቀር ሁሉ፣ መሣሪያው ሲዘጋ በታማሚው ዘንድ የሚቀር ጨረር የለም። ልጁን ማቀፍ፣ ከቤተሰቡ ጋር ከአንድ ትሪ መብላት ይችላል። ራዲዮአክቲቭ አዮዲን ለዋጠ ታማሚ ግን ለተወሰኑ ቀናት ልዩ ጥንቃቄ ስለሚያስፈልግ የሐኪሙን ትእዛዝ መጠበቅ ይገባል።

ድካም፣ የቆዳ መቅላት፣ እንደ ቦታውም የአፍ መቁሰል ወይም ተቅማጥ ሊከሰቱ ይችላሉ። እነዚህን ለሐኪም መንገር እንጂ ሕክምናውን በራስ ፈቃድ ማቆም አይገባም። ጨረሩ የሚያርፍበትን ቦታ ለማመልከት በቆዳ ላይ የተሠመረውን ምልክትም አለማጠብ ያሻል።

ውድ ተማሪዎች፣ ግማሽን በግማሽ ማባዛት የማይችል ከእናንተ መካከል የለም። በቤታችሁ ወይም በጎረቤታችሁ ሕክምናውን የጀመረ ሰው ካለ አጠገቡ ተቀምጣችሁ ይህን ስሌት አስረዱት፤ ቤተሰቡም የቀሩትን ቀናት መኝታና መጓጓዣ ከወዲሁ እንዲያስብበት አግዙ። ዕውቀታችሁ ለሰው የሚጠቅመው በ20ኛውና በ30ኛው ቀን መካከል ነው።