ከቦሌ ዋሽንግተን ሲኬድ የሚያርፈው አውሮፕላን ሲመለስ ለምን አያርፍም?

ሥራዬ የበረራ ዕቅድ ማውጣት ነው፤ ዘመድ የሚሸኙ ሰዎች ደጋግመው የሚጠይቁኝን እዚሁ ልመልስ።

ከቦሌ እስከ ዋሽንግተኑ ደለስ ኤርፖርት በአየር 11,500 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከዚያ ወደዚህ የሚመጣው በረራ ሳያርፍ 13 ሰዓት ያህል ይፈጅበታል፤ ከዚህ የሚሄደው ግን ነዳጅ ለመቅዳት መንገድ ላይ ያርፋል። ደብሊንና ሎሜ ለዚህ አገልግለዋል።

ዋናው ምክንያት የቦሌ ከፍታ ነው። ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር ይበልጣል፤ ደለስ 100 ሜትር እንኳ አይሞላም። አየሩ ሲሳሳ የሞተሩ ግፊትም የክንፉ የማንሳት አቅምም ይቀንሳል፤ አውሮፕላኑ ለመነሳት የበለጠ ፍጥነትና የበለጠ ረጅም ማኮብኮቢያ ይፈልጋል። ሙሉ መንገደኛና ሻንጣ ጭኖ፣ እስከ አሜሪካ የሚያደርስ ነዳጅ ደርቦ መነሳት ይከብደዋል። ስለዚህ የሚቀነሰው ነዳጁ ነው። በዚያ ላይ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚነፍሰው የከፍታ ነፋስ ሲሄድ ከፊት ይገጥመዋል፣ ሲመጣ ከኋላ ይገፋለታል።

ቲኬት ላይ ያለው ሰዓት የየአገሩ ነው። በሐምሌ ከደለስ 11:00፣ ማለትም ከረፋዱ 5 ሰዓት ላይ የተነሳ፣ በማግስቱ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ግድም ቦሌ ይገባል። ሲቆጠር 20 ሰዓት ይመጣል፤ የ7 ሰዓቱ ልዩነት ሲነሳለት 13 ይቀራል። በታኅሣሥ ልዩነቱ 8 ነው።

እናት ወይም አባት ብቻቸውን የምትልኩ ከሆነ፣ መሃል ላይ ሲያርፉ ገና እንዳልደረሱና ከወንበራቸው መነሳት እንደሌለባቸው አስቀድማችሁ ንገሯቸው።