ሜኑውን አትመኑ

ባለቤቷ ይህን ብታነብ መጀመሪያ የምትጠረጥረው እኔን ነውና የቤቱን ስም አልጠራም። ጎንደር ነው፤ ከፒያሳ በእግር ይደረሳል፤ ሽንኩርት ከመክተፍ እስከ ትእዛዝ መቀበል ሠርቼበታለሁ። ይህን ካወቃችሁ ይበቃል።

ግድግዳው ላይ ከክትፎ እስከ ላዛኛ የተደረደረውን አይታችሁ አትደነቁ። ከጀርባው ያለው አንድ ድስት ነው፤ የቁሌት ድስት። ገና ሳይነጋ ሽንኩርቱ ያለ ዘይት ይቁላላል። ውኃው መጥጦ ሲያልቅ ዘይቱ፣ ከዚያ በርበሬውና ነጭ ሽንኩርቱ ይከተላሉ። ቀኑን ሙሉ ምስር ወጡም፣ ሽሮውም፣ ፍርፍሩም፣ የፓስታው ስጎ ሳይቀር መነሻው ከእሱ ይቀዳል። ቁሌቱ በደንብ የበሰለ ቀን ምን ብታዝዙ አትከስሩም፤ የተቻኮለ ቀን ደግሞ ምንም አያድናችሁም። ስለዚህ ከምግቡ በፊት ሰዓት ምረጡ። ከስድስት እስከ ሰባት ተኩል ድስቱ ሙሉ ነው። ስምንት ሰዓት ካለፈና ሰው ከበዛ ውኃ ይጨመርበታል። ጨማሪው ማን እንደሆነ አትጠይቁኝ።

ፓስታ ካነሳን፣ ጣሊያን በምሥራቅ አፍሪካ የመጨረሻ ምሽጉን ያስረከበው እዚሁ ጎንደር ነው፤ ጄኔራል ናሲ እጁን የሰጠው በኅዳር 1934 ዓ.ም. ነበር። ፓስታው ግን እጁን አልሰጠም። እኛ ቤት ጠዋት ተቀቅሎ፣ ዘይት ተቀብቶ ይቀመጣል፤ ስታዝዙ የፈላ ውኃ ውስጥ ገብቶ ይወጣል። በሹካ ለሚበላው ሰው አዝናለሁ። በእንጀራ ለሚበላው ግን ያ ልስላሴው ልክ ነው፣ በዚህ ከማንም ጋር እከራከራለሁ።

እንጀራውን እኛ አንጋግርም። የሰፈር ሴቶች ቤታቸው ጋግረው ረፋድ ላይ ያስረክባሉ። ዓይን የሚወጋ ነጭ ሆኖ ከመጣ ጤፉ ለብቻው አይደለም፤ የፎገራ ሩዝ አለበት። ሩዙ በደርግ ዘመን በሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች ሙከራ ፎገራ ሜዳ ላይ የተጀመረ ነው፤ አሁን ያለ እሱ የእኛ አካባቢ እንጀራ ዋጋው አይቀመስም ነበር። ማጭበርበር ነው የሚሉ አሉ፤ እኔ አልልም፤ ትኩሱ ይጣፍጣል። ችግሩ ማታ ነው። ጠርዙን ጠቅልሉት፤ ከተሰነጠቀ ሌላ አምጡልኝ በሉ፤ አስተናጋጁ አይከፋውም፣ እሱም ያውቀዋል።

አሁን ዋናውን ላንሾካሹክላችሁ። የዚህን ቤት ሜኑ የምታወጣው ባለቤቷ አይደለችም፤ ባሕረ ሐሳብ ነው። በያይነቱ ማክሰኞ አታዝዙ። የፍስክ ቀን አትክልቱ የሚሠራው ለይስሙላ ነው፣ ሳህን ማጀቢያ። ዓርብ ግን ቤቱ ሁሉ ጾመኛ ስለሆነ ሱፉም፣ ጎመኑም፣ አልጫውም ትኩስ በትኩስ ይወጣል። ሥጋ ከሆነ ቅዳሜ ጠዋት ኑ፤ ዓርብ ሌሊት የታረደው ዱለት ከአራት ሰዓት በፊት ያልቃል። ሐሙስ ጠዋት ጥብስ የሚያምራችሁ ደግሞ አንድ ጥያቄ ጣል አድርጉ፦ «ሥጋው መቼ ታረደ?» ማክሰኞ ማታ ያልተሸጠ ሥጋ ረቡዕን ማቀዝቀዣ ውስጥ የሚያሳልፍበት ቤት አለ፤ መብራት የጠፋ ረቡዕ ደግሞ ማቀዝቀዣው ቁም ሳጥን ነው።

ለጥምቀት የሚመጡ እንግዶች በዚህ በኩል በየዓመቱ ያሳዝኑኛል። ጥር 10 ታቦታቱን ወደ ፋሲል መዋኛ አጅበው፣ ደክሟቸው ገብተው ክትፎ ይጠይቃሉ። ገሃድ ነው፤ ጾም ነው። በማግስቱ ጥምቀት ረቡዕም ቢውል ዓርብም ቢውል ይፈሰካል፤ ያን ቀን ግን ወጥ ቤቶቹ ራሳቸው ታቦት ሽኝቱ ላይ ናቸው፤ የምትበሉት ትናንት ማታ የተሠራውን ነው። አዲስ ዓለም ሰፈር ያሉት የሙስሊም ምግብ ቤቶች በጾም ቀንም ሥጋ አላቸው፤ ለማን እንደሆነ ጎንደሬ ሁሉ ያውቃል፣ ማንም የማንን ትሪ አያይም።

ዓሣው ከጎርጎራ ይመጣል፣ ከጣና። ቆሮሶ ያዙ። አምባዛ ቅርፊት የለውም ብሎ የማይቀምሰው ምእመን ብዙ ስለሆነ ጓዳችን እምብዛም አይገባም። ዓሣ ለጾም ይሆናል አይሆንም የሚለውን ለንስሐ አባታችሁ ተዉት፤ የኔ ምክር መጥበሻውን ይመለከታል። የጾም መጥበሻ ለብቻው ያለው ቤት አለ፣ አለቅልቆ የሚመልስ ቤትም አለ። አስተናጋጁን ብትጠይቁት «ለብቻ ነው» ይላል። ጓዳውን ጠይቁ።

አምባዛ ካነሳን፣ አንድ ጊዜ ውጭ አገር ሠርቶ የመጣ ወጥ ሠሪ ስለ በርማ ሰዎች ቁርስ ነግሮኝ ነበር፤ ሞሂንጋ ይሉታል። የአምባዛ ዘመድ በሆነ ዓሣ መረቅ ተሠርቶ፣ በሽምብራ ዱቄት ወይም በተቆላ ሩዝ ዱቄት ወፈር ብሎ፣ ጠጅ ሳር ገብቶበት፣ ከሩዝ ፓስታ ጋር የሚበላ። ቅዳሜ ገበያን በልቤ ዞርኩት፦ ሽምብራው አለ፣ ሩዙ አለ፣ ጠጅ ሳሩም አለ። ጎንደር የበርማ ምግብ ቤት አላየሁም፤ ቢከፈት ግን ዕቃ አያጣም፣ አምባዛውን የሚበላለት ሰው ካገኘ።

ድንችና ነጭ ሽንኩርት ከዳባትና ከደባርቅ በኩል ነው የሚወርዱት። መንገድ የተዘጋ ሰሞን አልጫው ጥቅል ጎመን ብቻ ሆኖ ይቀርባል፣ ዋጋው ግን አይቀንስም። ያኔ ሽሮ እዘዙ፤ ሽሮ ጓዳ የገባው ከወራት በፊት ነው፣ መንገድ አይጠብቅም።

የመጨረሻዋ የኪስ ጉዳይ ናት። ከሂሳቡ ጋር የምትተዉት ጉርሻ አስተናጋጁ ዘንድ ይቀራል፤ ጓዳ የሚደርስ ሳንቲም የለም። ወጡ ከጣማችሁ እጅ ልትታጠቡ ስትነሱ በጓዳው በር እለፉ፤ ወጥ ሠሪዋን «እጅሽን ቁርጥማት አይንካው» በሉና ሃምሳ ብር አስጨብጧት። ፊታችሁን አትረሳም። ሌላ ጊዜ ስምንት ሰዓት አልፎ ብትመጡም ለእናንተ ውኃ ከመጨመሩ በፊት ይቀዳል።