የመንዝ አንጥረኛ ያልመታት ማኅተም

የእንግሊዝ የብር ሹካ ጀርባው ላይ አራት አምስት ጥቃቅን ማኅተም ተመትቶበት ይመጣል። የመንዝ አንገት መስቀል ግን አብዛኛውን ጊዜ ምንም የለበትም። አንጥረኞቻችን በእጅ ሥራቸው ላይ ስማቸውን የመምታት ልማድ አልነበራቸውም፤ መስቀሉ የማን እጅ እንደሆነ ያሠራው ሰውና ጎረቤቱ ካወቁ ይበቃ ነበር። ስለዚህ ከመሐል ሜዳ፣ ከሞላሌ፣ ከራቤል ወይም ከዓለም ከተማ በተገኘ አሮጌ የብር ጌጥ ላይ ፊደል ወይም ቁጥር ካያችሁ መጀመሪያ የምትጠረጥሩት ሠሪውን አይሁን፤ ብሩ የወጣበትን ገንዘብ ጠርጥሩ።

ነገሩ የሚጀምረው ማርትሬዛ ከሚባለው ከጠገራ ብር ነው። የሸዋ ነጋዴ ቡናውንና የዝሆን ጥርሱን በዓልዩ አምባ ገበያ አድርጎ ወደ ታጁራ ያወርዳል፤ ማርትሬዛውን ይዞ ይመለሳል። ለዕለት ጉዳይ አሞሌ ጨው ይበቃል። ጠገራው ግን ወይ ይቀበራል፣ ወይ ለግብር ይወጣል፣ ወይ አንጥረኛ ዘንድ ሄዶ መስቀል፣ ድሪ፣ አልቦ፣ ወለባ ይሆናል። አሠሪው ብሩን ቆጥሮ ያስረክባል፤ አንጥረኛው በወናፍ ከሰሉን አቀጣጥሎ ያቀልጠዋል፣ ወይም ሳያቀልጥ ቀጥቅጦ ይቆርጠዋል፣ በሞረድ ያስተካክለዋል፣ የእጁን ዋጋ ይቀበላል። መመዘኛውም ያው ጠገራው ነበር፤ አንድ ወቄት ማለት የአንድ ጠገራ ክብደት ነው። ይህን ሁሉም ያውቀዋልና አልፈዋለሁ።

የማላልፈው «ሳያቀልጥ» ያልኩትን ነው። ብሩ ከቀለጠ ታሪኩም አብሮ ይቀልጣል። አንጥረኛው ግን ጊዜም ከሰልም ለመቆጠብ ብሎ መስቀሉን ከገንዘቡ ላይ በቀጥታ የቆረጠው እንደሆነ፣ ከፊት በኩል በሞረድና በመጫሪያ ያሳምረዋል እንጂ ለጀርባው ብዙም አይጨነቅም። እዚያ ጀርባ ላይ የንሥር ክንፍ ላባ፣ የንግሥት ጉንጭ፣ የተቆረጠ የላቲን ፊደል ተደብቆ ይቀራል። በአንገት መስቀል ጀርባ እንዲህ ያለ ፍንጭ ሳገኝ የሚሰማኝን ደስታ ቤተሰቦቼ እስከ ዛሬ አልተረዱልኝም።

ጠገራው ስፋቱ 4 ሳንቲ ሜትር ገደማ፣ ክብደቱ 28 ግራም ከጥቂት ሲሆን፣ ከ1000 እጅ 833ቱ ንጹሕ ብር ነው፤ የቀረው መዳብ ነው። በአንድ ወገን የኦስትሪያዋ ንግሥት ማሪያ ቴሬዛ ሻሽ ደፍታ፣ ትከሻዋ ላይ በሉል የተከበበ ጌጥ አድርጋ ትታያለች። በሌላው ወገን ሁለት ራስ ያለው ንሥር አለ። ጠርዙ ላይ ፍትሕና ምሕረት የሚል የላቲን ጽሑፍ ጎበጥ ብሎ ተመትቷል፤ ይህም ጠርዙን ሸርፎ ብር የሚሰርቅ ሰው ወዲያው እንዲጋለጥ ነው።

ከንግሥቲቱ ደረት በታች ደግሞ «ኤስ» እና «ኤፍ» የሚሉ ሁለት ትናንሽ ፊደሎች አሉ። ስንቱ ሰው የንግሥቲቱ ስም ምህጻር ይመስለዋል! ፊደሎቹ የሁለት ሹማምንት ናቸው፤ ዛሬ ደቡብ ጀርመን ውስጥ ባለችው በጉንዝቡርግ ከተማ የነበረው የገንዘብ መምቻ ኃላፊዎች፣ የቶቢያስ ሾብልና የዮሴፍ ፋቢ። የገንዘቡ ክብደትና ጥራት ቢጓደል ተጠያቂዎቹ እነሱ ነበሩ። የጉንዝቡርግ መምቻ እ.ኤ.አ. በ1805 ተዘጋ። ፊደሎቹን ግን ማንም ሊያነሣቸው አልደፈረም፤ ምክንያቱም የቀይ ባሕርና የኢትዮጵያ ገበያ እነዚያን ፊደሎች ያላየበትን ብር አይቀበልም ነበር። ተቀባዩ በንግሥቲቱ ራስ ላይ ያለውን ሉል ይቆጥራል፣ የትከሻዋን ጌጥ ያያል፣ ፊደሎቹን ይፈልጋል፤ ከሦስቱ አንዱ ካለቀ ብሩን ይመልሳል። ሾብልና ፋቢ ካለፉ ከስንት ዘመን በኋላ የስማቸው መነሻ በይፋትና በመንዝ ገበያ ዋስ ሆኖ ቆመ።

አሁን ወደ ትልቁ ስሕተት ልምጣ። ገንዘቡ ላይ 1780 ተጽፏል። ሰው ይህን ቁጥር ሲያይ የጌጡን ዕድሜ ያገኘ ይመስለዋል። ሞላሌ ላይ አንዲት እናት ማተባቸው ላይ ያለውን መስቀል ገልብጠው አሳይተውኝ ነበር። ከታችኛው ክንድ ጀርባ «80» የሚል ቁጥርና ከጎኑ አጋድሎ የተመታ መስቀለኛ ምልክት ጎልቶ ይታያል። «ተማሪው የልጅ ልጄ የሁለት መቶ ዓመት ቅርስ ነው ይለኛል፤ እኔ ደግሞ ለክርስትናዬ ያሠራልኝ አባቴ ነው እለዋለሁ» አሉኝ። ልክ እሳቸው ነበሩ። ተማሪውን ግን አልወቅሰውም፤ በየመደብሩ መነጽር አድርገው የተቀመጡ ዐዋቂዎችም ያንኑ ይላሉ፣ ዋጋውንም በዚያው ልክ ይሰቅሉታል።

ማሪያ ቴሬዛ በእኛ አቆጣጠር ኅዳር 1773 ዓ.ም. ዐረፈች፤ በፈረንጅ ዓመቱ 1780 ነበር። ልጇ ዮሴፍ 2ኛ ሲነግሥ የራሱን መልክ የያዘ ገንዘብ አስመታ። የምሥራቁ ነጋዴ ግን የለመዳት እሷን ነውና መምቻው በእሷ መልክና በዚያው ዓመት መምታቱን ቀጠለ። እስከ ዛሬም ቪየና ይመታል። በጠቅላላው ከ300 ሚሊዮን በላይ ወጥቷል ይባላል፤ እ.ኤ.አ. ከ1780 በኋላ የተመቱት ሁሉ ያንኑ ቁጥር ይዘዋል። ቁጥሩ የሚነግረን ጌጡ ከዚያ ዓመት እንደማይቀድም ብቻ ነው። አጋድሎ የተመታው ምልክትም ከዓመቱ ቁጥር ጋር የሚሄድ የገንዘቡ ምልክት እንጂ የክርስትና መስቀል አይደለም፤ አንጥረኛው ለበረከት ጨመረው የሚሉ አሉና ነው ማንሣቴ።

ስለ ዕድሜው የሚናገረው ዝርዝሩ ነው፤ በትከሻ ጌጧ ዙሪያ ያለው የሉል ብዛት፣ የንሥሩ ጅራት የላባ አደራደር፣ በፊደሎቹ መካከል ያለው ነጥብ። መምቻው ሲለወጥ እነዚህም ትንሽ ትንሽ ይለወጣሉ። ጣሊያን ኢትዮጵያን በወረረበት ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1935፣ ሙሶሊኒ የመምቻ ቅርጹን ከቪየና ወስዶ ሮም ላይ እስከ 1939 ጠገራ አስመታ። ለንደን፣ ፓሪስና ብራስልስም ተከተሉ። እ.ኤ.አ. በ1940 እና በ1941 ደግሞ እንግሊዞች ጣሊያንን ከኢትዮጵያ ለማስወጣት ሲዘምቱ ቦምቤይ ላይ አስመቱ። እንግዲህ መንዝና መርሐቤቴ ራስ አበበ አረጋይና አርበኞቻቸው የተዋደቁበት አገር ነው። ለባንዳ ደመወዝ የወጣ የሮም ጠገራና ከነጻነቱ ዘመቻ ጋር የገባ የቦምቤይ ጠገራ በአንድ ድሪ ላይ ጎን ለጎን ተሰክተው ሊሆን ይችላል። ሁለቱም 1780 ይላሉ፤ ሁለቱም የሾብልንና የፋቢን ፊደል ይዘዋል። የሚለያቸው ማጉያ መነጽር ይዞ ላባ የሚቆጥር ሰው ነው።

የዐፄ ምኒልክን ብር በአጭሩ ልጥቀስ። በ1887 ዓ.ም. ፓሪስ ላይ ተመታ፤ ክብደቱም ጥራቱም ከጠገራው ጋር የሚቀራረብ ነው። በመጀመሪያዎቹ ላይ አንበሳው ግራ እግሩን አንሥቷል፣ በኋላ በተመቱት ላይ ቀኙን። የባላገሩ ልብ ግን ከንግሥቲቱ ጋር ቀረ።

አንበሳን ካነሣሁ አይቀር ሌላም ቅር የሚለኝ ነገር አለ። አዲስ አበባ ቸርችል ጎዳና ላይ አሮጌ ዕቃ ከሚሸጡት አንዱ፣ ጀርባው ላይ ትንሽ አንበሳ የተመታበትን ሹካ ይዞ «የቤተ መንግሥት ነው፣ ሞዐ አንበሳው ይኸው» ብሎ ሊያሳምነኝ ሞከረ። የኛ አንበሳ ዘውድ ደፍቶ፣ መስቀል ያለበት ዘንግ ይዞ ነው የሚሄደው። ሹካው ላይ ያለው ባዶ እጁን፣ አንድ እግሩን አንሥቶ የሚራመድ የእንግሊዝ አንበሳ ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ1544 ጀምሮ በእንግሊዝ ብር ላይ ይመታል። ትርጉሙም ብሩ ተፈትኖ አልፏል ነው። አጠገቡ መልሕቅ ካለ የተፈተነው በርሚንግሃም ነው፤ ባሕር የሌላት ከተማ መሆኗን አትጠይቁኝ። የነብር ራስ ከሆነ ለንደን ነው። ብቻውን የቆመው ፊደል ዓመቱን ይናገራል፤ የሠሪው ስም መነሻ ከእነዚህ የተለየ ነው። የፈረንሳይ ብር ላይ እ.ኤ.አ. ከ1838 ወዲህ የሚኔርቫ ራስ አለ። ከአንበሳው ይልቅ «ኢ»፣ «ፒ»፣ «ኤን»፣ «ኤስ» የሚሉ አራት የላቲን ፊደሎች እያንዳንዳቸው በየክፈፋቸው ውስጥ ተደርድረው ካያችሁ ግን ዕቃው ብር የተቀባ የኒኬል ቅይጥ ነው። ክፈፎቹ የተደረደሩት የእውነተኛውን ማኅተም መልክ እንዲይዙ ነው፤ ብዙ ሰውም ይሸወዳል። ዛሬ ለቱሪስት የሚሸጠው መስቀል አብዛኛው ያው ኒኬል ነው፤ ኒኬል መሆኑ ነውር አይደለም፣ ብር ነው ማለት ነው እንጂ ነውሩ።

አንድ ልመና አለኝ፤ አሮጌ ብር በአመድ፣ በአሸዋ ወይም በጥርስ ሳሙና አትፈትጉ። የጠቆረው ብር ታሟል ያላችሁ ማነው? አንድ የፋሲካ ዋዜማ ፍትጊያ መቶ ዓመት ያልጠፋን ፊደል ያጠፋዋል። ሞረድ እያስነካ የሚፈትን ሰው ደግሞ እጁን መያዝ ነው። ለብ ያለ ውኃ፣ ጥቂት ሳሙናና ለስላሳ ጨርቅ ይበቃል። ከዚያ መብራቱን ከጎን አድርጋችሁ ዕቃውን ቀስ እያላችሁ አዙሩት፤ ፊት ለፊት ሲበራ ያልታየው በጥላው ይወጣል። ካስፈለገ ስስ ወረቀት ደርባችሁ በእርሳስ ሳሳ አድርጋችሁ አጥቁሩት።

ጀርባው ላይ ምንም ካልተገኘም ሚዛን አለ። ጠገራ ሲቆረጥና ሲሞረድ ይጎድላል እንጂ አይጨምርም። 35 ግራም የሚመዝን መስቀል ይዞ «ከአንድ ማርትሬዛ የተቆረጠ ነው» የሚላችሁ ነጋዴ ካጋጠማችሁ፣ ሰባቱን ግራም ከየት እንዳመጣው በትሕትና ጠይቁት።