በአሊዩ አምባ በር የገቡ የኅትመት መጻሕፍት

 በሰሙነ ሕማማት ዳዊት ሲደገም፣ በትንሣኤም ሌሊት ወንጌል ሲነበብ፣ መጽሐፉ ብራና ይሁን ወረቀት ልብ የሚል ጥቂት ነው። ቅርስ ሲባል ግን ሁላችንም ብራናውን እናስባለን፤ አሮጌውን የኅትመት መጽሐፍ «ወረቀት ነው» ብለን እናልፈዋለን። ይህ አመለካከት ሊታረም ይገባል እንላለን።

በግእዝ መጀመሪያ የታተመው መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1513 በሮማ የወጣው መዝሙረ ዳዊት ነው። እ.ኤ.አ. በ1548 እና በ1549 ደግሞ የደብረ ሊባኖሱ መነኩሴ አባ ተስፋ ጽዮን፣ በግራኝ ጦርነት ገዳማትና መጻሕፍት ከተቃጠሉ በኋላ፣ ሐዲስ ኪዳንን በዚያችው ከተማ አሳተሙ። የሁለቱ እትሞች ቅጂዎች ዛሬ በአውሮፓ ታላላቅ ቤተ መጻሕፍት በክብር ይጠበቃሉ።

ከዚህ በኋላ የለንደኑ የመጽሐፍ ቅዱስ ማኅበር በግእዝ መዝሙረ ዳዊትን በ1815፣ አራቱን ወንጌላት በ1826፣ ሐዲስ ኪዳንን በ1830 እ.ኤ.አ. አሳተመ። እ.ኤ.አ. በ1839 ሚሲዮናውያኑ ኢዘንበርግና ክራፕፍ ከታጁራ ተነሥተው ወደ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ሲመጡ እነዚህን የመሰሉ መጻሕፍት ይዘው ነበር። የነጋዴው መንገድ የአፋርን በረሃ አቋርጦ በአሊዩ አምባ በኩል ወደ አንኮበር ይወጣ ነበር። አሊዩ አምባ ያን ጊዜ የሐረር፣ የአርጎባ፣ የአፋርና የአማራ ነጋዴ ዓርብ ዓርብ የሚገናኝባት፣ ጨርቅ፣ ቡናና አሞሌ የሚለወጥባት ታላቅ ገበያ ነበረች።

በባሕር ማዶ የታተመ መጽሐፍ በካህናት እጅ ሲገባ እንደ አገሩ ወግ ሊደጎስ ይችላል። ደጓሹ ጥራዞቹን በክር ወይም በጅማት እየሰፋ ከሁለት የእንጨት ገበታዎች ጋር ያያይዛል፤ ገበታውን በቀይ ቆዳ አልብሶ በጋለ ብረት መስቀልና ሐረግ ያትምበታል። ከሽፋኑ ውስጥ ከውጭ የመጣ የሐር ወይም የጥጥ ጨርቅ ለጌጥ ይለጠፋል። መጽሐፉም በማኅደር ይገባል። ስለዚህ ከውጭ ሲታይ ብራና መስሎ ሲከፈት ኅትመት ሆኖ የሚገኝ መጽሐፍ ቢኖር አያስደንቅም።

የእንዲህ ያለው መጽሐፍ ዱካ የሚፈለገው በጥራዙ ነው። በወረቀቱ ማጠፊያ ላይ ሁለት ረድፍ የስፌት ቀዳዳ ከታየ፣ መጽሐፉ ዳግመኛ የተደጎሰ ለመሆኑ ምልክት ነው። የመጀመሪያው ገጽ ካልጠፋ የኅትመቱ ከተማና ዓመት በላቲን ፊደል ሊገኝበት ይችላል፤ ከጠፋም የፊደሉ ቅርጽና የየገጹ መስመር ከሙሉ ቅጂ ጋር ይመሳከራል። በዳር የተጻፈ የባለቤት ስም፣ የስጦታ ቃል ወይም የልደት መዝገብ ደግሞ መጽሐፉ በማን እጅ እንዳለፈ ይመሰክራል።

እንግዲህ ለበዓል ዕቃ ቤት ሲጸዳ፣ ያረጀ ገበታ ተገንጥሎ ሲጣል፣ ወይም ጫፉ የተበላ ወረቀት «እንዲያምር» ተብሎ ሲከረከም፣ የሚጠፋው ውበቱ ብቻ አይደለም፤ ምስክሩም ጭምር ነው። ልባሞች ካህናትና አባወራዎች እንዲህ ያለ መጽሐፍ ሲያገኙ ሳይጠግኑና ሳይሸጡ በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልለው ከእርጥበት ያርቁት፤ ለሰበካ ጉባኤና ለቅርስ ባለሙያም ያሳዩት። አባቶቻችን ወረቀቱን እንደ ብራናው ሁሉ በገበታና በቆዳ ሲያለብሱት በዓይናቸው እኩል ስለነበረ ነውና፣ እኛም በዚያው ዓይን እንየው።

መልካም የትንሣኤ በዓል!