ስኮላርሺፕ ተገኘ ሲባል የቀረውን ማን ይከፍላል?



ዛሬ የምጽፍላችሁ በየቤታችን ስለሚወራ፣ ነገር ግን አጥርተን ስለማናውቀው ጉዳይ ነው። ይኸውም ልጆቻችን በውጭ አገር ዩኒቨርሲቲ ለመግባት ምን እንደሚጠየቁና ወጪውን ማን እንደሚሸፍነው ነው።

ለመጻፍ ያነሣሣኝ ነገር አለ። ከጥቂት ዓመታት በፊት እዚህ ሽንፋ አንድ የጉባኤያችን ወጣት ከአንድ የውጭ አገር ኮሌጅ ደብዳቤ ደረሰው። ደብዳቤው በእንግሊዝኛ ስለነበር ለጉባኤው የተረጎምኩት እኔ ነበርኩ። «እንኳን ደስ አለህ፤ ተቀብለንሃል፤ በየዓመቱ የ12,000 ዶላር ስኮላርሺፕ ሰጥተንሃል» ይላል። እልል ተባለ። ሰሊጥ የሸጠ ከሰሊጡ፣ ከብት ያለው ከከብቱ አዋጣ። «ጉዳዩን እኔ እጨርሳለሁ» ላለ ደላላም ተከፈለ። ሁለተኛውን ገጽ ግን ማንም አላነበበም፤ እኔም አላነበብኩም። እዚያ ላይ የዓመቱ ጠቅላላ ወጪ 34,000 ዶላር እንደሆነና ቀሪውን ተማሪው እንደሚከፍል ተጽፎ ነበር። 12,000 ዶላሩ በእጅ የሚሰጥ ገንዘብ ሳይሆን ከክፍያው ላይ የሚቀነስ ቅናሽ ነበር። ልጁ ሳይሄድ ቀረ፤ ለደላላው የተከፈለውም አልተመለሰም። ከሁሉ ይልቅ ያሳዘነኝ ልጁ ወገኖችን አፍሮ ለወራት ከጉባኤ መቅረቱ ነው። ጥፋቱ ግን የእርሱ አልነበረም። መጽሐፍ ቅዱስ ኮሌጅ ተምሬ ሳለሁ አንድ ወረቀት ገልብጬ ሳላነብ የቀረሁት እኔ ነኝ።

ልጆቻችን ለምን ወደ ውጭ ያያሉ?

የ12ኛ ክፍል ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ መሰጠት ከጀመረ ወዲህ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ተማሪዎች በ2014 ዓ.ም. 3.3 በመቶ፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ ብቻ ነበሩ። በእኛ በኩል ደግሞ ሚያዝያ 2015 ዓ.ም. በሱዳን ጦርነት ተነሥቶ በመተማ የሚያልፈው ሰው ሁሉ ስደተኛና ተመላሽ ሆነ። በዚያው ዓመት በክልላችን የተጀመረው ግጭትም የብዙ ተማሪዎችን ትምህርት አቋረጠ። ስለዚህ «ውጤት የማይጠይቅ የውጭ ትምህርት አለ» የሚል ሰው ሲመጣ ጆሮ መስጠታችን አያስገርምም።

ደግሞ የሚገርመው ነገር፣ ዩኒቨርሲቲዎቹ ሽንፋን ያውቋታል። እ.ኤ.አ. በ2024 ከአሜሪካው የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ በመጡ ተመራማሪዎች የተመራ ቡድን ከ74,000 ዓመት ገደማ በፊት በሽንፋ ወንዝ ዳር ስለኖሩ ሰዎች ያጠናውን ጥናት «ኔቸር» በተባለው የሳይንስ መጽሔት አውጥቷል። እነርሱ እስከ ወንዛችን ድረስ መጥተው መረመሩ፤ የእኛ ልጆች ግን ወደ እነርሱ የሚወስደውን መንገድ የሚሰሙት ከደላላ አፍ ነው።

1. መግቢያና ገንዘብ ሁለት በሮች ናቸው

ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ የምትይዙ ከሆነ ይህን ያዙ። ዩኒቨርሲቲ ተማሪውን መቀበሉ አንድ ነገር ነው፤ ወጪውን መሸፈኑ ሌላ ነገር ነው። ብዙ ኮሌጆች ያመለከተውን አብዛኛውን ተማሪ ይቀበላሉ፤ ከተቀበሉት ውስጥ ሙሉ ወጪ የሚሸፍኑለት ግን ጥቂቱን ነው። ስለዚህ ደብዳቤ ሲመጣ ሦስት ቁጥሮችን ፈልጉ፦ የዓመቱ ጠቅላላ ወጪ (ትምህርት፣ መኝታ፣ ምግብ፣ የጤና መድን)፣ የተሰጠው ስኮላርሺፕ፣ እና ከመጀመሪያው ሁለተኛው ሲቀነስ የሚቀረው። ያንን የሚቀረውን ማን ይከፍላል? ለአራት ዓመትስ? ጌታችን ግንብ ሊሠራ ስለሚያስብ ሰው የተናገረውን ታስታውሳላችሁ (ሉቃ. 14፥28)። ወጪን ቁጭ ብሎ ማስላት እምነት ማጣት አይደለም።

2. ለመግባት ምን ይጠየቃል?

አገሩ ይለያይ እንጂ ዋና ዋናዎቹ ተመሳሳይ ናቸው።

ሀ. የትምህርት ማስረጃ፦ ከ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ያለው ውጤት (ትራንስክሪፕት) እና የ12ኛ ክፍል ፈተና ውጤት። የ9ኛ ክፍል ውጤትም ስለሚታይ ዝግጅቱ ከዚያ ይጀምራል።

ለ. የእንግሊዝኛ ፈተና፦ ቶፍል፣ አይልትስ ወይም ዱዎሊንጎ። ዱዎሊንጎ በኮምፒውተር ከቤት የሚወሰድ ስለሆነ ዋጋው ይቀንሳል፤ የማያቋርጥ ኢንተርኔት ግን ይፈልጋል። የሦስቱም ውጤት የሚያገለግለው ለሁለት ዓመት ነው። ያለጊዜው ተፈትናችሁ ገንዘብ አታባክኑ።

ሐ. በአሜሪካ አንዳንድ ዩኒቨርሲቲዎች ኤስ ኤ ቲ የተባለውን ፈተና ይጠይቃሉ። በኮሮና ወቅት ብዙዎቹ ትተውት ነበር፤ እንደ ኤም አይ ቲና ሃርቫርድ ያሉት ግን መልሰው ጠይቀዋል።

መ. የምስክርነት ደብዳቤና ተማሪው ስለ ራሱ የሚጽፈው ጽሑፍ፦ ደብዳቤውን በዋናነት የሚፈልጉት ከመምህር ነው።

ሠ. ፓስፖርት፦ እዚህ ላይ ብዙዎች ይሰናከላሉ። በፓስፖርት ላይ ያለው የስምና የአባት ስም የእንግሊዝኛ አጻጻፍ በትራንስክሪፕቱና በፈተና ውጤቱ ላይ ካለው ጋር አንድ ይሁን። የልደት ቀንም በጥንቃቄ ይመንዘር። ጥቅምት 1998 የተወለደ ልጅ በፈረንጆቹ 2005 ሲሆን፣ ግንቦት 1998 የተወለደው ግን 2006 ነው። አንዱ ወረቀት ይህን፣ ሌላው ያንን ካለ ጥርጣሬ ይፈጥራል።

3. ገንዘቡን የሚሰጠው ማን ነው?

ስኮላርሺፕ ሁሉ ሰጪ አለው፤ ሰጪውም ምክንያት አለው። በ19ኛው መቶ ዘመን የስዊድን ሚስዮን ኦኔሲሞስ ነሲብን ስዊድን ወስዶ ያስተማረው ወንጌል ለሕዝቡ እንዲደርስ ነው፤ እርሱም መጽሐፍ ቅዱስን በኦሮምኛ ተርጉሞ እ.ኤ.አ. በ1899 ታትሟል። አገራችንም ሰጪ የነበረችበት ጊዜ አለ። እ.ኤ.አ. በ1958 ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ለሌሎች የአፍሪካ አገሮች ተማሪዎች የነጻ ትምህርት ዕድል ሰጥተው፣ ወጣቶች ከየአገሩ አዲስ አበባ መጥተው ተምረዋል፤ ዓላማውም የአፍሪካውያን መቀራረብ ነበር። ስለዚህ «ማን ነው የሚሰጠው? ለምንስ ይሰጣል?» ብላችሁ ጠይቁ። ሰጪዎቹ በሦስት ይከፈላሉ።

መንግሥታት፦ የቱርክ መንግሥት ስኮላርሺፕ ማመልከቻ በየዓመቱ እ.ኤ.አ. ከጥር 10 እስከ የካቲት 20 ይከፈታል፤ የማመልከቻ ክፍያ የለውም። ለመጀመሪያ ዲግሪ ዕድሜው ከ21 ዓመት በታች የሆነ፣ ቢያንስ 70 በመቶ ውጤት ያለው (ለጤና ትምህርቶች 90 በመቶ) ይወዳደራል። ትምህርት፣ መኝታ፣ የወር ገንዘብ፣ የጤና መድንና የአውሮፕላን ትኬት ይሸፍናል፤ አንድ ዓመትም ቱርክኛ ያስተምራል። የቻይና መንግሥትም ለመጀመሪያ ዲግሪ ከ25 ዓመት በታች የሆኑትን ይቀበላል። የእንግሊዙ ቺቭኒንግ ለማስተርስ ብቻ ሲሆን ወደ ሁለት ዓመት የሚጠጋ የሥራ ልምድ (2,800 ሰዓት) ይጠይቃል፤ የተማረውም ወደ አገሩ ተመልሶ ቢያንስ ሁለት ዓመት ይቆያል።

ዩኒቨርሲቲዎች፦ የአሜሪካ መንግሥት ለራሱ ዜጎች የሚሰጠው የትምህርት ዕርዳታ ለውጭ ተማሪ አይደለም። ይሁን እንጂ ሃርቫርድ፣ ዬል፣ ፕሪንስተን፣ ኤም አይ ቲና አምኸርስት የውጭ ተማሪን ሲመርጡ መክፈል መቻሉን አያዩም፤ ከተቀበሉትም ቤተሰቡ የማይችለውን በሙሉ ይሸፍናሉ። መግባቱ ግን እጅግ ጠባብ ነው። እ.ኤ.አ. በ1855 በክርስቲያኖች የተመሠረተው የኬንታኪው ቤሪያ ኮሌጅም የትምህርት ክፍያ አያስከፍልም። ለሚቀበላቸው ጥቂት የውጭ ተማሪዎች የመጀመሪያውን ዓመት ወጪ በሙሉ ይሸፍናል፤ ተማሪዎቹም ሁሉ በሳምንት ቢያንስ አሥር ሰዓት በኮሌጁ ውስጥ ይሠራሉ።

ድርጅቶች፦ ማስተርካርድ ፋውንዴሽን በአፍሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ጭምር ያስተምራል። ከካናዳው ክዊንስ ዩኒቨርሲቲና ከቅርባችን ካለው ከጎንደር ዩኒቨርሲቲ ጋር የጀመረው ሥራ በተለይ አካል ጉዳተኛ ወጣቶችን ያሰበ ነው። ዕድል ሁሉ ባሕር ማዶ አይደለም።

4. ድህነትን መደበቅ አያስፈልግም

ደላላው «ባንክ ውስጥ ብዙ ገንዘብ እንዳለ አስመስለን እናሳይ» ይላል። ይህ ኃጢአት ብቻ ሳይሆን ሞኝነትም ነው። በችግር መጠን የሚረዳ ዩኒቨርሲቲ የቤተሰቡን ገቢ በዝርዝር ይጠይቃል። ሀብታም መስሎ የቀረበ ልጅ ዕርዳታውን በገዛ እጁ ይዘጋል፤ ሁለቱ ወረቀቶች ሲጋጩም ሁሉንም ያጣል። ደመወዝ የሌለው ገበሬ ስንት ሄክታር እንደሚያርስና በዓመት ምን እንደሚያገኝ በእውነት ያጽፍ። የማመልከቻ ክፍያ መክፈል ለማይችልም ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ክፍያውን ይተዋሉ፤ መጠየቅ ብቻ ነው።

5. ከደብዳቤ በኋላ ያለው

ለአሜሪካ የተማሪ ቪዛ የሚያስፈልገውን «አይ 20» የተባለ ቅጽ ዩኒቨርሲቲው የሚልከው የመጀመሪያው ዓመት ወጪ ከየት እንደሚመጣ ካረጋገጠ በኋላ ነው። የእኛም ልጅ የቆመው እዚህ ላይ ነበር። ከዚያም የተማሪ መመዝገቢያ 350 ዶላርና የቪዛ ማመልከቻ 185 ዶላር አለ። በጀርመን የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች አብዛኛው ትምህርት ያለ ክፍያ ነው፤ ሆኖም እ.ኤ.አ. ከመስከረም 2024 ጀምሮ ለአንድ ዓመት መኖሪያ 11,904 ዩሮ በዝግ ሂሳብ ማሳየት የተለመደ ግዴታ ነው። ካናዳም እ.ኤ.አ. ከመስከረም 2025 ጀምሮ ከትምህርት ክፍያው ሌላ 22,895 የካናዳ ዶላር ይጠይቃል። ብራችን በሐምሌ 2016 በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ አንድ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። ስለዚህ «ትምህርቱ ነጻ ነው» የተባለው እንኳ በብር ሲመነዘር ከአንድ ሚሊዮን እጅግ ይበልጣል።

6. ደላላውን በምን እናውቀው?

እውነተኛ ስኮላርሺፕ አይሸጥም። «ቦታ ይዤልሃለሁ፣ ቅድሚያ ክፈል» የሚል፣ ገንዘቡን በግል ስሙ የሚያስገባ፣ የማመልከቻውን ኢሜይልና የይለፍ ቃል ለራሱ የሚይዝ፣ «ዛሬ ካልከፈልክ ያልፍሃል» የሚል ሰው ካጋጠማችሁ ራቁ። ለዩኒቨርሲቲው በራሱ አድራሻ ጽፋችሁ «ይህ ሰው የእናንተ ነውን?» ብላችሁ ጠይቁ፤ መልስ ይሰጣሉ።

7. የቤተ ክርስቲያን ድርሻ

መጋቢዎች ሆይ፣ ያልሠራውን «ሠርቷል»፣ ያልመራውን «መርቷል» ብለን ደብዳቤ አንጻፍ። ለመርዳት መስሎን ለልጁ የምናስተምረው ውሸትን ነው። ይልቅ ልንሠራ የምንችለው አለ፤ እንግሊዝኛ የሚያነቡ ወገኖችን አሰባስበን ከመስከረም ጀምሮ የ12ኛ ክፍል ልጆችን በማመልከቻ እንርዳ፣ የቀኖቹን ዝርዝር ግድግዳ ላይ እንለጥፍ፣ ለፈተናና ለፓስፖርት የሚሆን አነስተኛ ገንዘብ እናዋጣ።

ወላጆች ሆይ፣ ከብቱን ከመሸጣችሁ በፊት ደብዳቤውን እስከ መጨረሻው ገጽ አስነብቡ። አንተም ወጣት፣ አንቺም እህቴ፣ ባይሳካ አትፈሩ፤ የተዘጋ በር የእናንተን ዋጋ አይቀንስም። ያ ወንድማችን ወደ ጉባኤ ተመልሷል፤ ዛሬ ደብዳቤ ይዞ የሚመጣ ልጅ ሲኖር ሁለተኛውን ገጽ ቀድሞ የሚገልጠው እርሱ ነው።

ጌታ ማስተዋልን ይስጣችሁ። አሜን።