የግዛት አርማ የሚሆን ወፍን በሕዝብ ድምፅ መምረጥ፦ የሰሜን አሜሪካ ተሞክሮ

በሰሜን አሜሪካ አንድ ግዛት ከሰንደቅ ዓላማውና ከማኅተሙ ሌላ መለያ የሚሆነው ወፍ እንዲኖረው ማድረግ የቆየ ልማድ ነው። ወፉን ለመምረጥ በተደጋጋሚ የተሠራበት መንገድ የሕዝብ ድምፅ ሲሆን፣ በብዙ ቦታ ድምፅ ሰጪዎቹ የትምህርት ቤት ልጆች ነበሩ። በኦሪገን እ.ኤ.አ. በ1927፣ በኢሊኖይ በ1928 ተማሪዎች መርጠዋል፤ በካናዳዋ አልበርታም ባለቀንዱ ትልቅ ጉጉት በ1977 የግዛቲቱ ወፍ የሆነው በልጆች ድምፅ ነው። አሠራሩ ቀላልና አሳታፊ ይመስላል። ይሁን እንጂ ውጤቶቹ ጎን ለጎን ሲታዩ ድምፁ በትክክል የሚለካው ምንድን ነው የሚል ጥያቄ ይነሣል።

የአርማ ዋና ተግባር አንዱን ከሌላው መለየት ነው። የዩናይትድ ስቴትስ ግዛቶች ምርጫ ግን በአመዛኙ ይህን አያሟላም። ቀዩ ካርዲናል የሰባት ግዛቶች ወፍ ነው፤ ደረተ ቢጫው ምዕራባዊ ሜዶላርክ ደግሞ የስድስት። ከእነዚህ ስድስት አንዷ ኦሪገን ስትሆን፣ ዋዮሚንግም ያንኑ ወፍ በዚያው በ1927 ተቀብላለች። የመደጋገሙ ምክንያት ግልጽ ነው። መራጭ የሚመርጠው የሚያውቀውን ነው፤ የሚያውቀውም በጓሮው የሚያየውን፣ በአጥር ላይ ቆሞ ሲዘምር የሚሰማውን ነው። እንዲህ ያለው ወፍ ግን በብዙ ግዛቶች የተስፋፋ በመሆኑ ለአንዱ ብቻ መለያ ሊሆን አይችልም። የብሪቲሽ ኮሎምቢያ ሕዝብ በ1987 የመረጠው ስቴለር ጄይ በካናዳ ውስጥ በአብዛኛው በዚያችው ግዛት የሚገኝ ነው። ይህም ታዋቂነትና መለያነት አልፎ አልፎ ሊገጣጠሙ እንደሚችሉ ያሳያል፤ የድምፅ አሰጣጡ በራሱ ግን ለዚህ ዋስትና አይሰጥም።

በሁለቱ መካከል ያለው ግጭት በጉልህ የታየው በካናዳ ብሔራዊ ወፍ ምርጫ ነው። የካናዳ ሮያል ጂኦግራፊያዊ ማኅበር መጽሔት በ2015 በጀመረው ውድድር ወደ ሃምሳ ሺህ የሚጠጋ ድምፅ ተሰጠ። ሉን የተባለው የሐይቅ ወፍ አንደኛ፣ ነጩ የበረዶ ጉጉት ሁለተኛ፣ ግራጫው ጄይ ሦስተኛ ወጡ። ማኅበሩ ባለሙያዎችን ካከራከረ በኋላ በኅዳር 2016 ሦስተኛውን አስታወቀ። ሉን የኦንታሪዮ፣ የበረዶው ጉጉት የኩቤክ አርማ ስለሆኑ አገሩን በሙሉ ሊወክሉ አይችሉም የሚለው አንዱ መከራከሪያ ነበር። ግራጫው ጄይ ግን የማንም ግዛት አርማ አልነበረም፤ በሁሉም ግዛቶች ይገኛል፤ ክረምቱንም ሳይሰደድ፣ በበጋና በመጸው ያከማቸውን ምግብ እየበላ ያሳልፋል።

መከራከሪያው በይዘቱ ጠንካራ ቢሆንም ሉንን የመረጡ ብዙዎች ቅር ተሰኝተዋል። ሉን አንደኛ ቢወጣም የድምፁን ግማሽ አላገኘም፤ ስለዚህ የአብዛኛው መራጭ ፈቃድ ነበር ለማለት አይቻልም። የሆነ ሆኖ፣ ሁለቱን መሪዎች ያስቀረው መመዘኛ ከድምፁ በፊት ሊታወቅ የሚችል ነበር። ሉን ቀድሞውኑ የኦንታሪዮ አርማ መሆኑ በድምፅ ቆጠራው የተገኘ ግኝት አይደለም። የፌዴራሉ መንግሥትም ብሔራዊ ወፍ የመሰየም ሐሳብ እንደሌለው ስላሳወቀ ምርጫው ሕጋዊ ዕውቅና አላገኘም። በኢሊኖይ በአንጻሩ የተማሪዎቹ ድምፅ በቀጣዩ ዓመት በሕግ ጸድቋል።

ከእነዚህ ተሞክሮዎች የሚወሰደው ትምህርት የቅደም ተከተል ጉዳይ ነው። «የትኛውን ወፍ ትወዳላችሁ?» እና «የትኛው ወፍ ይህን ምድር ይወክላል?» የተለያዩ ጥያቄዎች ናቸው። የመጀመሪያውን ሕዝብ ያለ ማንም እርዳታ ይመልሰዋል፤ ሁለተኛው ስለ ወፎቹ ስርጭትና አኗኗር ዕውቀት ይጠይቃል። ባለሙያዎች መመዘኛውን አስቀድመው አውጥተው ዕጩዎችን ቢለዩ፣ የመጨረሻው ቃል ደግሞ የሕዝብ ቢሆንና የሚያጸድቀው አካል ውጤቱን ለመቀበል ከወዲሁ ቢስማማ፣ ዕውቀትም የሕዝብ ፈቃድም ቦታቸውን ያገኛሉ። ቅደም ተከተሉ ሲገለበጥ ግን ባለሙያው የሕዝብን ድምፅ የሻረ ይመስላል፤ መራጩም ቀድሞ በተወሰነ ነገር ላይ እንደተጠየቀ ይሰማዋል።