ሰፈር መቀየር ማንን ይጠቅማል?

«ከዚህ ሰፈር ብንወጣ ልጆቻችን ሌላ ሰው ይሆኑ ነበር» የሚል ወላጅ የማያውቅ ማን አለ? እውነት መሆኑን ማረጋገጥ ግን አስቸጋሪ ነው። ወደ ተሻለ ሰፈር የሚገባው ብዙውን ጊዜ ድሮም አቅም ወይም ዘመድ የነበረው ነውና፣ ልጁ ሲሳካለት ሰፈሩ ይሁን ቤተሰቡ የረዳው አይለይም።

ይህን ለመለየት የአሜሪካ መንግሥት እ.ኤ.አ. ከ1994 እስከ 1998 ዕጣ አወጣ። በባልቲሞር፣ በቦስተን፣ በቺካጎ፣ በሎስ አንጀለስና በኒው ዮርክ በድሆች መኖሪያ ይኖሩ የነበሩ 4,600 ያህል ቤተሰቦች ገቡበት፤ አብዛኞቹ የተመዘገቡት ልጆቻቸውን ከወሮበላና ከዕፅ ለማሸሽ ነበር። ለአንዱ ቡድን ድህነት ከ10 በመቶ በታች በሆነበት ሰፈር ብቻ የሚሠራ የኪራይ ድጎማ ደረሰው፤ ለሁለተኛው ዋሽንግተን ያሉ ወገኖቻችን «ሴክሽን ኤይት» የሚሉት የተለመደው ድጎማ፤ ለሦስተኛው ምንም።

ዓመታት አለፉ፤ የወላጆቹ ገቢ ግን ንቅንቅ አላለም። ሙከራው ከሸፈ ያሉ ጥቂት አልነበሩም። ለእኔ ቸኩለዋል። የእናቶቹ ጭንቀት ቀሎ ነበር፤ ከልክ ያለፈ ውፍረትና የስኳር በሽታም ዕጣ ካልወጣላቸው ሴቶች ይልቅ በእነርሱ ላይ አንሶ ተገኝቷል።

ዋናው ነገር የታየው ልጆቹ ሲጎለምሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 ራጅ ቼቲ፣ ናትናኤል ሄንድረንና ሎውረንስ ካትዝ የግብር መዝገብ አገላብጠው ያገኙት ይህ ነው፦ 13 ዓመት ሳይሞላቸው ድህነት ወዳነሰበት ሰፈር የተዛወሩት፣ በሃያዎቹ አጋማሽ ላይ ሲደርሱ ገቢያቸው ከአቻዎቻቸው በ31 በመቶ በልጧል፤ ኮሌጅ የገቡትም በርክተዋል። ከዚያ ዕድሜ በኋላ የሄዱት ግን አልተጠቀሙም፤ እንዲያውም ትንሽ ሳይጎዱ አልቀሩም። ጓደኛና ትምህርት ቤት በአፍላነት መቀየር የራሱ ዋጋ አለው፤ የአዲሱ ሰፈር ጥቅም ደግሞ የሚጠራቀመው በዓመታት ነው።

አዲስ አበባም ዕጣ ታውቃለች። በ1990ዎቹ መጨረሻ የተጀመረው ኮንዶሚኒየም ብዙ ቤተሰብ ከቀበሌ ቤትና ከግለሰብ ኪራይ አውጥቷል። ሕፃን ይዘው ለሚገቡ ባልና ሚስት ለውጡ ከመጀመሪያው ማታ ይጀምራል፦ ሽንት ቤቱ የራሳቸው ነው፤ «መብራት አጥፉ፣ እንግዳ አበዛችሁ» የምትል አከራይ የለችም። ውኃ ሲጠፋ ጀሪካን ተሸክሞ አራተኛ ፎቅ መውጣት አለ፤ ይህም ቢሆን ከአከራይ ጭቅጭቅ ይሻላል የሚሉ ብዙ ናቸው።

የሚከብደው ሌላው ነው። ጀሞ፣ የካ አባዶ፣ ቱሉ ዲምቱና ኮዬ ፈጬ ሲሠሩ የከተማዋ ዳር ነበሩ። መርካቶ የምትሠራ እናት ልጇ ሳይነቃ ወጥታ የታክሲ ሰልፍ ትይዛለች፤ ማታም ስትገባ ተኝቶ ታገኘዋለች። በድሮው ሰፈር «እማማ፣ ልጁን እዩልኝ» ብላ መርካቶ ደርሳ ትመለስ ነበር፤ አዲሱ ብሎክ ላይ ግን ጎረቤቱ ገና ስሟን አያውቅም፤ እድሩም አልተቋቋመም። የዕጣውን ባለዕድሎች ያጠናው ኢኮኖሚስት ሲሞን ፍራንክሊንም ቤታቸው በጣም ቢሻሻልም በሥራና በገቢያቸው ላይ ይህ ነው የሚባል ለውጥ አላገኘም። ከአሜሪካው ጋር ስናስተያየው ይህ ሊያስደንቀን አይገባም። ወላጅን ብቻ መዝነን መፍረድ የለብንም፤ የልጆቹን ሒሳብ ለመሥራት የአዲሱ ሰፈር ትምህርት ቤት፣ ጤና ጣቢያና መንገድ ከቤቱ እኩል መቆጠር አለባቸው።

ለመምረጥ ዕድል የተሰጠው ደግሞ የተሻለ ያተርፋል። በአሜሪካዋ ሲያትል የኪራይ ድጎማ ያገኙ ቤተሰቦችን ቤት በማፈላለግ፣ ከአከራይ ጋር በማደራደርና በመያዣ ገንዘብ ሲያግዟቸው፣ ለልጅ ወደሚበጅ ሰፈር የገቡት ከ15 ወደ 53 በመቶ አድገዋል። በእኛ ግን ሳይቱንም ፎቁንም የሚመርጠው ዕጣው ነው። ኮዬ ፈጬ የደረሳት ነጋዴ ቤቱን አከራይታ፣ በኪራዩ ላይ ከኪሷ ጨምራ፣ መርካቶ አጠገብ አንዲት ክፍል ትከራያለች፤ ልጇም እዚያው ያድጋል።